ሳይቃጠል በቅጠል



ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ዕድገትና ስለ ተማሪው ኀላፊነት በዚህ በኅብረታችን ጋዜጣ ገጾች ላይ ብዙ ተብሏል፤ ወደ ፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ሦስቱንም ባንድ ጊዜ የሚፈትን ነው። ይኸውም የእሳት ጉዳይ ነው። በበጋ ወራት ጫካው ወይም የተራራው ሣር ሲቀጣጠል ማን ያጠፋዋል? ምን ይዞ ያጠፋዋል? ማን አስተምሮት? በማን ትእዛዝ? ለነዚህ ለአራቱ ጥያቄዎች መልስ ያለው ቀበሌ ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ የተወለደበትን አገር እያሰበ ለራሱ ይመልስ።

ያገራችን ልማድ የታወቀ ነው። ጢስ ይታያል፤ ኡኡታው ይቀልጣል፤ ደወል ይደወላል፤ ወንዱም ሴቱም ያገኘውን ቅጠል ዘንጥፎ፣ ዶማና አካፋ ይዞ ይሮጣል። ይህ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ኡኡታ ሰምቶ በቤቱ የሚቀር ሰው በመንደሩ ዘንድ እንደ ሰው አይቈጠርም። ሆኖም ድፍረትና ዝግጅት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሮጠው ሕዝብ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያመለክተው የለም፤ ነፋሱ ቢዞር ወዴት እንደሚሸሽ አልተነገረውም፤ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ የሚቈጥር የለም። ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ሲመለስ በግንዱ ሥር ተዳፍኖ የቀረው ፍም ጠባቂ የለውም። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ እሳቱ ሥራውን እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ይህ ነገር በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ባይናችን አይተነዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰደድ እሳት ተነሥቶ ነበር። ይህ ቦታ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ዋልያ የሚኖርበት፣ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚሰማራበት፣ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት ተራራ ነው። ያካባቢው ሕዝብ በእጁ ባለው ነገር ሁሉ ገደል ለገደል እየተንጠለጠለ ታገለ። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ዳግመኛ ተነሣ። በመጨረሻም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ተጠበቀ። ከዚያ በፊትም በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የተነሣው እሳት ለሳምንታት ሲነድ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘምቶበት፣ የውጭ አገር ባለሙያዎችም ተጠርተው፣ ነገሩ የበረደው በብዙ ድካምና በዝናብ እርዳታ ነበር።

የረዱንን አገሮች እናመሰግናለን። ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሄሊኮፕተር የሚጠራው እሳቱ ከሰው ዐቅም በላይ ከሆነ በኋላ ነው። ከሰው ዐቅም በላይ ሳይሆን በፊት በነበረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ እሳቱ አንድ የጤፍ አውድማ በሚያህልበት ጊዜ፣ እዚያ የነበረው ማን ነው? ከተማ ያለ የእሳት አደጋ መኪና አይደለም፤ መንገድ የለውምና። የውጭ አገር ባለሙያም አይደለም። እዚያ የነበረው እረኛው፣ ከሰል አክሳዩ፣ ማር ቈራጩና የጎረቤቱ ገበሬ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ለምሳሌ ብቻ የተናገሩት አይደለም። ቃል በቃል የእሳት ማጥፋት ትምህርት ነው፤ ትንሽ እሳት በቅጠል ይጠፋል፤ ትልቅ እሳት ግን በሚሊዮን ብርም አይጠፋም። እንግዲህ የኔ አሳብ ይህ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገን አውሮፕላን ሳይሆን፣ በየቀበሌው ስሙ የተመዘገበ፣ የሠለጠነና አለቃ ያለው የፈቃደኞች ጭፍራ ነው።

ይህን በሚገባ የሠሩት አውስትራልያኖች ናቸው፤ ስለዚህም የነሱን ታሪክ በአጭሩ ልናገር። እነሱን ለመጥቀስ ሌላም ምክንያት አለን። በእንጦጦ ጋራና በየደጃችን የቆመው ባሕር ዛፍ የመጣው ካገራቸው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ባጣች ጊዜ ያዳናት ይኸው ዛፍ ነው፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት አለው፤ የተላጠው ቅርፊቱ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይደርቅና እሳት ሲነካው እየተቀደደ በነፋስ ይበራል። ዛፉን ተቀብለን ተክለነዋል፤ ባለቤቶቹ ከዛፉ ጋር አብረው ለመኖር የተማሩትን ጥበብ ግን አብረን አልተቀበልነውም።

በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ አገር የመጀመሪያው የፈቃደኞች የጫካ እሳት ጭፍራ የተቋቋመው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ቤሪጋን በምትባል የገጠር ከተማ ነው። ያቋቋሙት ሚኒስትሮች ሳይሆኑ ስንዴያቸውና በጎቻቸው የነደዱባቸው ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ የዚያ ክፍለ አገር የገጠር እሳት አገልግሎት ከ70,000 በላይ ፈቃደኞች አሉት፤ በዓለም ላይ ካሉት የፈቃደኞች የእሳት አገልግሎቶች ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ከነዚህ ውስጥ ገበሬ አለ፤ አስተማሪ አለ፤ ባለ ሱቅ አለ፤ ተማሪ አለ። ደመወዝ የላቸውም። የየጭፍራው አባላት ተሰብስበው አለቃቸውንና ምክትሎቹን ራሳቸው ይመርጣሉ። መኪናውን፣ ራዲዮኑን፣ ልብሱንና ሥልጠናውን ግን ክፍለ አገሩ ይሰጣል፤ ገንዘቡም ከመንግሥት፣ ከማዘጋጃ ቤቶችና ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሰበሰባል። ልብ በሉ፤ ጉልበቱ የሕዝብ፣ ዕቃው የመንግሥት ነው። አንዱ በሌላው ላይ አላመካኘም።

ይህም ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። በኤውሮፓ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1939 በቪክቶሪያ ክፍለ አገር በደረሰው ታላቅ እሳት በዚያ ወቅት 71 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ አንድ ዳኛ የመራው የምርመራ ጉባኤ ተቀምጦ ጥፋቱን ሳይሸፋፍን ጻፈ፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ በ1945 የገጠሩን ጭፍሮች ሁሉ ባንድ የሚያስተዳድር ባለሥልጣን ተቋቋመ። በየካቲት 1983 በሁለት ክፍላተ አገር ባንድ ቀን 75 ሰዎች ሞቱ። የካቲት 7 ቀን 2009 ደግሞ በቪክቶሪያ 173 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ቤቶችም ጠፉ። በ2019 እና በ2020 መካከል በነበረው በጋ 33 ሰዎች በእሳቱ ሲሞቱ ከነሱ መካከል ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ይገኙበት ነበር። ይህን የምጠቅሰው የነሱ ሥራ ፍጹም ነው ለማለት አይደለም። የነሱ ልዩነት ከያንዳንዱ እልቂት በኋላ «ምን ተሳሳትን?» ብለው በአደባባይ መጠየቃቸውና መልሱን ወደ ደንብ መለወጣቸው ነው። እኛ ዘንድ ግን እሳቱ ሲጠፋ ወሬውም አብሮ ይጠፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንኳ ለማለት አይቻልም፤ ውሻውም ዝም ብሏልና።

ከነዚህ ደንቦች አንዱን ለይቼ ላቅርብ፤ ምክንያቱም ለተማሪ የሚሆን ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለበት። በታኅሣሥ 2 ቀን 1998 በኤውሮፓ አቆጣጠር ሊንተን በተባለች የቪክቶሪያ ቦታ አምስት ፈቃደኞች በአንድ የእሳት መኪና ላይ እንዳሉ ነፋሱ ድንገት ዞረባቸውና ሞቱ። ምሥጢሩ ይህ ነው። ነፋስ ባንድ አቅጣጫ ሲነፍስ እሳቱ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይሄዳል፤ ግንባሩ ጠባብ፣ ጎኑ ግን ረጅም ነው። ነፋሱ ወደ ጎን የዞረ እንደሆነ ያ ረጅም ጎን ባንድ አፍታ ግንባር ይሆናል፤ በጎኑ ቆሞ ይሠራ የነበረው ሰውም በግንባሩ ፊት ራሱን ያገኘዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ያልሠለጠነ ፈቃደኛ ወደ እሳት መስመር እንዳይላክ፣ መኪናውም ራሱን የሚያድንበትን ውሃ ሳያስቀር እንዳይጨርስ ተወሰነ። እንግዲህ በሙሉ ልብ ሮጦ መግባት ብቻ ጀግንነት አይደለም። ሠልጥኖ መግባትና በሰዓቱ መውጣት እሱ ነው ጀግንነት።

ትምህርቱም ከባድ አይደለም። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚበላው፣ አየርና ሙቀት። ከሦስቱ አንዱን የነሣው ሰው እሳቱን ገደለው። በጫካ ውስጥ ከሁሉ የሚቀለው የሚበላውን መንሣት ነው፤ ይኸውም ከእሳቱ ፊት ራቅ ብሎ ሣሩንና ቅጠሉን እስከ አፈሩ ድረስ ጠርጎ መሥመር ማውጣት ነው። እሳት ወደ ዳገት ይሮጣል፤ ዳገቱ በዐሥር ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የእሳቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ እሳት አጥፊዎች ያስተምራሉ። ስለዚህ ከእሳት በላይ ዳገት ላይ መቆም ሞትን መጥራት ነው። ሰውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ነበልባሉ ራሱ ሳይነካው ወላፈኑ ነው። ናይለን ልብስ በገላ ላይ ይቀልጣል፤ ጥጥና ሱፍ ግን ይሻላል። ለመሸሽ የተመቸው ቦታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነደደውና የሚነድ ነገር ያልቀረበት ጥቁሩ መሬት ነው። አንድ ሰው ከሥራው ወጥቶ ከፍ ባለ ደኅና ቦታ ሆኖ ነፋሱንና እሳቱን ብቻ ማየት አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ነው፤ ሳይማሩት ግን አንድ ሙሉ መንደር ሊያልቅ ይችላል።

ሌላው የአውስትራልያኖች ትምህርት እሳት ከመነሣቱ በፊት ስላለው ሥራ ነው። ብዙ ቤት የሚቃጠለው የእሳቱ ግድግዳ መጥቶ ሲመታው ሳይሆን ነፋስ ያመጣው ፍንጣሪ በጣሪያው ጠርዝ፣ በአሸንዳው ውስጥ በተከማቸው ደረቅ ቅጠል ወይም በግድግዳው ሥር በተደረደረው እንጨት ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ በጋው ሳይገባ በፊት በቤት ዙሪያ ያለውን ማጽዳት፣ የእንጨቱን ክምር ከቤት ማራቅ፣ ውሃ በበርሜል ማስቀመጥ፣ ማን ሽማግሌውን እንደሚያወጣና ማን ከብቱን እንደሚፈታ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሣር ክዳን ቤትና የጭድ ክምር ጎን ለጎን ለሚቆሙበት ላገራችን መንደር ይህ ምክር ከነሱ ይልቅ ለኛ የሚጠቅም ነው። እነሱ ደግሞ የአደጋውን መጠን በየቀኑ በአራት ደረጃ ከፍለው ያስታውቃሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደረጃ በታወጀ ቀን ምክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቱን ሳታዩ አስቀድማችሁ ውጡ የሚል። ንብረት ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «አውስትራልያ ሀብታም አገር ናት፤ ከኛ ጋር አትመዛዘንም» የሚል ሰው እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ ባለ ቦቴ መኪና የለንም። ነገር ግን ቤሪጋን ላይ በ1896 የተሰበሰቡት ገበሬዎችም አልነበራቸውም። የነበራቸው መተማመንና ስምምነት ነው። በዚህ በኩል እኛ ከማንም አናንስም። እድር አለን፤ አባላቱ በስም ተመዝግበው፣ ዳኛና ጸሐፊ መርጠው፣ ያልመጣውን ቀጥተው፣ ሌሊት በጡሩምባ የሚጠሩበት ማኅበር ነው። ለሞተ ሰው እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ሰው እንዳይሞት መደራጀት ያቅተዋልን? ደቦ አለን፤ ወንፈል አለን። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ሕዝቡ ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ዘመን በጋራ ሕግ እየወሰነ ለብዙ ትውልድ ጠብቆ አቆይቶታል። የመሣሪያውም ነገር ቢሆን ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። ዶማ፣ አካፋ፣ ማጭድና መጥረቢያ በየቤቱ አለ። ገበሬው በጀርባው አዝሎ ተባይ የሚረጭበት መርጫ በደንብ ታጥቦ ውሃ ቢሞላበት የመሥመሩን ጠርዝ ለማጥፋትና ፍም ለማብረድ የሚረዳ መሣሪያ ነው። አውስትራልያኖችም በጀርባ የሚታዘል የውሃ ፓምፕ እስከ ዛሬ ይጠቀማሉ። የጐደለን ዕቃው ሳይሆን ያንን ዕቃ ባንድ ቦታ የሚያኖርና የሚቈጣጠር ማኅበር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ድሃውን ሕዝብ በነጻ ማሠራት ግፍ ነው» የሚለው ነው። ይህን ተቃውሞ አልንቀውም፤ ግማሹ እውነት ነውና። ፈቃደኛ መሆን መንግሥትን ከኀላፊነቱ ነጻ አያወጣውም። በአውስትራልያም በ2019 መጨረሻ ፈቃደኞች ለሳምንታት ከሥራ ተለይተው ሲዋጉ የቤታቸው ወጪ ማን ይሸፍን የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ መንግሥት ለረጅም ቀናት ለዘመቱት ካሣ እንዲከፈል ፈቅዷል። እኛም የምንጠይቀው ይኸው ነው፤ እሳት ሲያጠፋ የተጐዳ ገበሬ በነጻ ይታከም፤ የሞተ ቢኖር ቤተ ሰቡ አይጣል፤ ሥልጠናውና መሣሪያው ከመንግሥት ይምጣ። ነገር ግን መንግሥት በያንዳንዱ ጋራ ላይ ተቀምጦ ሊጠብቅ አይችልም። መንግሥት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አመድ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከኛው ከተማርነው ወገን የሚመጣና ከሁሉ የሚያስከፋው ነው። «እሳቱን የሚለኩሰው ገበሬው ራሱ ነው፤ መሃይምነት ነው» ይባላል። አዎን፣ መሬት ሲመነጠር፣ ማር ሲቈረጥ፣ ከሰል ሲከሰል እሳት ያመልጣል። ነገር ግን ገበሬው እሳትን ካለ ምክንያት አይነካም፤ መሣሪያው ነው። በባሌ ተራራ ላይ ያሉ ከብት አርቢዎች ያረጀውን አስታ በየተራ እያቃጠሉ ለከብቶቻቸው አዲስ ቡቃያ ያበቅላሉ፤ መቼ እንደሚለኰስ፣ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሏቸው። የአውስትራልያ የጥንት ነዋሪዎችም ለብዙ ሺህ ዓመታት በቀዝቃዛው ወራት ትንንሽ እሳት እየለኰሱ ትልቁን እሳት ያስቀሩ ነበር፤ ይህን ዕውቀት ነጮቹ ለረጅም ዘመን ናቁት፤ ዛሬ ግን ተመልሰው ከነሱ ይማራሉ። ስለዚህ በኒው ሳውዝ ዌልስ ማቃጠል ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ አደጋ በሚያሰጋበት ወራት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከ24 ሰዓት በፊትም ለጎረቤትና ለእሳት አገልግሎቱ ይነገራል፤ እጅግ ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቀን ብቻ ፈጽሞ ይከለከላል። እኛ ዘንድ ግን ሁሉን ከልክለን ማንንም አንቈጣጠርም። ክልከላ ብቻ ያለበት አገር ገበሬው በድብቅ ይለኩሳል፤ በድብቅ የለኰሰ ሰው ደግሞ እሳቱ ሲያመልጠው ኡኡ አይልም፤ ይሸሻል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የምናጣው እንዲህ ነው።

አራተኛው «ተማሪ ትምህርቱን ይማር» የሚለው ነው። እኛ የምንማረው በማን ገንዘብ ነው? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ሕዝብን ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆነው ነበር የሠሩት። ያ በሕግ የታዘዘ ነበር። ዛሬ ማንም አያዘንም። ነገር ግን ሳይታዘዙ ማገልገል ከታዘዙት ማነስ የለበትም።

ሩቅ ያለውን ገጠር ስንናገር የምናድርበትን ቤት አንርሳ። እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። በምንተኛበት ሕንጻ ላይ ሁለተኛው መውጫ የት ነው? በሌሊት ተቈልፎ ይሆን? ቍልፉስ በማን እጅ ነው? በኮሪደሩ የተሰቀለው ማጥፊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? ባንድ ሶኬት ላይ ስንት ነገር ተሰክቷል? በአልጋ ሥር የተደበቀችውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሁላችንም እናውቃታለን፤ ሻይ ታፈላልናለች፤ አንድ ቀን ግን ፍራሹን ታፈላለች። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛት ቤቱን ሳያቃጥል ሰውን ይገድላል፤ ጋዙ ሽታ የለውምና። ዘይት በድስት ላይ ሲነድ ውሃ መድፋት እሳቱን ጣሪያ ያደርሰዋል፤ ክዳን መክደንና ምድጃውን ማጥፋት ነው። የተቃጠለ ሰው ቢገኝ ሊጥ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መለጠፍ ጉዳት ነው፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ማብረድና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው 939 ብሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይችላል፤ ይህን ቍጥር በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ከአሥሩ ስንቱ ነው? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ እንዳሳየን፣ በጠባብ መንገድና በተጨናነቀ ሱቅ ውስጥ መኪናና ሠራተኛ ቢኖርም ሥራው እጅግ ይከብዳል። መንገዱን ክፍት ማድረግ የእሳት አጥፊው ሳይሆን የኛ ሥራ ነው።

አሳብ ብቻ አቅርቦ መቀመጥ የኛ የተማሪዎች በሽታ ነውና፣ ለኅብረታችን ጉባኤ የሚቀርብ አምስት ነገር አመለክታለሁ።

1ኛ፤ ኅብረታችን የፈቃደኛ እሳት ተከላካዮች ክፍል ያቋቁም። ገቢው በፈቃድ፣ አለቃው በምርጫ ይሁን። ሥልጠናውን ከከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እንጠይቅ።

2ኛ፤ አባላቱ ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ከእድሩ ዳኞችና ከቀበሌው ጋር አንድ አንድ ስብሰባ ያድርጉ። የሚሄዱት ለማስተማር ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ ለመጠየቅ ነው፤ እሳት ከየት በኩል ይነሣል? በየትኛው ወር? ውሃው የት ነው? በጥንት ጊዜ ማን ያዝዝ ነበር? የተገኘው መልስ ተጽፎ ይምጣ።

3ኛ፤ እያንዳንዱ ፋኩልቲ ከሙያው ይስጥ። የጂኦግራፊ ተማሪዎች የጋራውን፣ የመንገዱንና የውሃውን ካርታ ይሥሩ። የምሕንድስና ተማሪዎች መርጫውን ይሞክሩ። የሕክምና ተማሪዎች የቃጠሎ የመጀመሪያ እርዳታ ያስተምሩ። የሕግ ተማሪዎች ገበሬው ሊያነበው የሚችል ያጭር የማቃጠያ ደንብ ያርቅቁ። የቋንቋ ተማሪዎች ይህንን ሁሉ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች በግልጥ ይጻፉት። መምህራኖቻችንም ሥራውን እንደ ተማሪ ጨዋታ ሳያዩ እንዲመሩን እንለምናቸዋለን።

4ኛ፤ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የመኝታ ሕንጻዎችን መውጫ፣ መብራትና ማጥፊያ እንዲያስመረምር፣ በዓመት ሁለት ጊዜም የመውጣት ልምምድ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠየቅ። እኛም በበኩላችን ምድጃውን ከአልጋ ሥር እናውጣ።

5ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ያልሠለጠነ ተማሪ በስሜት ተነሣሥቶ ወደ ሰደድ እሳት እንዳይላክ ይወሰን። ያልሠለጠነ ሰው ውሃ ያመላልስ፤ ስንቅ ያቀብል፤ ስም ይመዝግብ፤ የመጣውንና የተመለሰውን ይቍጠር። ይህም ሥራ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚያስፈልገው ሥራ ይህ ነው።

ደን የሚነድደው ዛፉ ብቻ አይደለም። ምንጩ ይደርቃል፤ አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል፤ ንቡ ይሰደዳል፤ ከብቱ ግጦሽ ያጣል። ከዚያ በኋላ ያ ገበሬ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክበት ነገር አይኖረውም። ስለ እሳት መናገር ስለ ዳቦ፣ ስለ ውሃና ስለ ራሳችን መናገር ነው ያልኩት ስለዚህ ነው።

በጋው በየዓመቱ ይመጣል፤ ሣሩም በየዓመቱ ይደርቃል። ይህን ማንም ሊያስቀር አይችልም። ኡኡታው በተሰማ ጊዜ የሚነሣው ሕዝብ አለቃውን የሚያውቅ፣ መሣሪያውን ካኖረበት የሚያነሣና መውጫውን አስቀድሞ ያየ ሕዝብ እንዲሆን ማድረግ ግን ይቻላል። ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አሳብ እንዲወያይበት እለምናለሁ። የሚቃወም ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልን፤ የሚስማማ ካለ ደግሞ ስሙን ለኅብረቱ ጸሐፊ ያስመዝግብ።